የማይወለወለው ጠርዝ

እትዬ ሚሊ የልብስ ሳሙና የምትገዛው መጀመሪያ ልትጠርበው፣ ቀጥሎ ልታጥብበት ነው። አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር ወጥ ቤት ትገባና በትንሽ ቢላ ሳሙናውን እየፋቀች የዕቃውን ቅርጽ ታወጣለች። ቅርጹ እጇ ላይ ካልተመቻት ኮምፒውተሩንም አትከፍተውም። በዚህ የተነሳ እሷ ቤት ልብስ የሚታጠበው በጠርሙስ ክዳን፣ በባልዲ እጀታ፣ ሲብስም በበር መክፈቻ ነው። አውቶቡስ ነጂው ባሏ አንድ ቀን ሸሚዙን ሊያጥብ ገብቶ የካቻቢቴ እጀታ የመሰለ ሳሙና ቢያገኝ፣ «ዛሬስ ሸሚዜን ልጠበው ወይስ ልፍታው?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው።

ካቻቢቴው ግን የሚያስቅ አልነበረም። የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው።

ሥራዋ ሞልድ መንደፍ ነው። ሞልድ ማለት የቀለጠ ፕላስቲክ የሚገባበት፣ ቀዝቅዞ ቅርጽ ይዞ የሚወጣበት፣ ለሁለት የሚከፈት የብረት ሣጥን ነው። የጥርስ ብሩሻችሁም፣ ባልዲያችሁም፣ ልጃችሁ ሲረግጠው የሚጮኸው አሻንጉሊትም የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት የብረት ሆድ ነው። «ሚሊ» የሚለውን ስም ያወጡላት የዎርክሾፑ ሰዎች ናቸው፤ በሚሊሜትር ካልሆነ በሌላ ስለማታወራ። «ወንበሩን ትንሽ ጠጋ አድርጊልኝ» ሲሏት «ስንት ሚሊ?» ትላለች። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏቸው ይስቁ ነበር፤ በኋላ ከምሯ መሆኑ ሲገባቸው እነሱም በሚሊ ያዟት ጀመር።

ባለ አንድ ፕላስቲክ ሞልድ የሚነድፍ ሰው ሞልቷል። የእሷ ልዩ ሙያ ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ አንድ ዕቃ ላይ ማዋሃድ ነው፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ እንደ ጎማ ለስላሳ። ዎርክሾፑ ውስጥ ይህንን «ማጋባት» ይሉታል። ደረቁ ሙሽራው ነው፣ ለስላሳው ሙሽሪት። መጀመሪያ ደረቁ ይፈስሳል። ጠንከር ሲል ሞልዱ ይከፈትና አንደኛው ግማሽ ደረቁን እንዳቀፈ ይዞራል፤ ሰፋ ያለ ሌላ ቤት ፊት ለፊቱ ያገኝና ይዘጋል። በደረቁና በብረቱ መካከል በተረፈው ክፍተት ለስላሳው ይገባል። ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ማሰብ የሚጠይቅ ነገር መዓት ነው። ሁሉም ፕላስቲክ ከሁሉም አይጣበቅም፤ በሰው ጋብቻ ዝምድና ነውር ነው፣ በፕላስቲክ ግን ግዴታ ነው፤ ባዳ ለባዳ ከተጋቡ ገና ሲቀዘቅዙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ይላቀቃሉ። ደግሞም ሁሉም ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ያውም እኩል አይደለም። እትዬ ሚሊ ይህንን ሁሉ የምታስበው አንድም ብረት ሳይቆረጥ ነው፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል፣ በየት በር ይግባ፣ አየሩ በየት ይውጣ። «የባልና የሚስት ጠብ የሚያልቀው ከሠርጉ በፊት ነው» ትላለች፣ ለሥራው ማለቷ ነው። ባሏ ግን ለእኔ ነው ብሎ ይከራከራል።

በዚያው ዎርክሾፕ፣ መስኮቱ ሥር፣ አባቷ ይሠራሉ። የእሳቸው ሙያ ብረት መወልወል ነው። ማሽን ቆርጦ የተወው ብረት ጭረት አለው፤ የብረቱ ጭረት ደግሞ እንዳለ ፕላስቲኩ ላይ ይታተማል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጀመሪያ በድንጋይ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ በቅባትና በጨርቅ እያሸ ጭረቱን ማጥፋት አለበት። እሳቸው የጨረሱት ብረት ፊት ያሳያል። የዎርክሾፑ ወንደላጤዎች ቀጠሮ ያላቸው ቀን ጸጉራቸውን የሚያበጥሩት እሳቸው የወለወሉት ብረት ላይ አጎንብሰው ነው። ስማቸውም ጋሽ መስታወት ሆኖ ቀረ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት፤ ጠዋት አብረው ይወጣሉ፣ ማታ አብረው ይገባሉ። ያቺ የመስኮት ሥር ወንበር ባትኖር ኖሮ ሐዘኑ ይጥላቸው እንደነበር እትዬ ሚሊ ታውቃለች። ጡረታ የሚባል ነገር ሲነሣ ወሬ ይቀይራሉ፤ ካልተቀየረላቸው ተነሥተው ይሄዳሉ።

ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው። ክፉ አይደለም፤ ችኩል ብቻ ነው። የሰላምታው መጀመሪያም መጨረሻም «ቶሎ በሉ» ስለሆነ አቶ ቶሎ ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ አይከፋውም። ጋሽ መስታወት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ሲተርቱበት፣ «እሺ ጋሼ፣ ተረቱን ቶሎ ይጨርሱልኝ» ይላቸዋል። ይሁን እንጂ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እትዬ ሚሊን ለብቻዋ ባገኛት ቁጥር አንድ ነገር ያነሣባታል።

«አባትሽ አልደከሙም? መወልወሉን ውጭ ለሚሠሩ ሰዎች እንስጥና እሳቸውን እናሳርፋቸው።»

«ሲደክመው ራሱ ይነግርሃል» ትለዋለች።

እንዲህ ትበለው እንጂ ሆዷ ይፈራል። እስካሁን ያልተነኩት ጥፋት ስላልተገኘባቸው ነው። አንድ ጥፋት ቢገኝ ያቺ ወንበር ከመስኮቱ ሥር ትነሣለች፤ ወንበሯ ከተነሣች ደግሞ አባቷ ቤት ውስጥ ግድግዳ እያዩ ሊውሉ ነው።

ካቻቢቴውን ያዘዘው አንድ የመሣሪያ ነጋዴ ነው። እጀታው ውስጡ ቀይና ደረቅ፣ ላዩ ጥቁርና ለስላሳ እንዲሆን ፈለገ። አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥቁሩ በቅጠል ቅርጽ ያበቃና ቀዩ ይታያል። ሙያው ያለው እዚያ ድንበር ላይ ነው። ለስላሳው ፕላስቲክ ሲቀልጥ የረቀቀ ሌባ ነው፤ ክፍተት ካገኘ አይምርም። የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀዩ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀመጥ ሹል የብረት ጠርዝ። ጠርዙ ሹል እንደሆነ ከቆየ ጥቁሩ እዚያው ቀጥ ይላል። የጸጉር ያህል ከዶለዶመ ግን ጥቁሩ በሥሩ ሾልኮ ቀዩ ላይ ስስ ሽፋን ያወጣል። ዎርክሾፑ ይህንን «ጢም» ይለዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ በሌላ ሞልድ ላይ ወልዋይ ያገኘውን ሁሉ ቢወለውል ይመሰገናል እንጂ አይወቀስም። በዚህኛው ላይ ግን ደፍሮ ጨርቅ የማያሳርፍበት ቦታ አለ። ድንጋዩ አንዴ እንኳ በድንበሩ ላይ ካለፈ ሹሉ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ እትዬ ሚሊ ንድፉ ላይ ድንበሩን ዙሪያውን በቀይ አሰመረችና ከጎኑ «አይወለወልም» ብላ ጻፈችበት። ወረቀቱን ራሷ ለአባቷ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አዩት፤ ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እሷም ወደ ሥራዋ ሄደች።

የሙከራው ዕለት ዎርክሾፑ ሁሉ ፕላስቲኩን አቅልጦ ሞልዱ ውስጥ የሚገፋውን ማሽን ከቦ ቆሟል። ኦፕሬተሯ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት፤ ማሽኑ እየጮኸም ሳቋ ይሰማል። የመጀመሪያው እጀታ ሲወጣ አንሥታ አየችው፣ አገላበጠችው።

«እትዬ ሚሊ፣ ሙሽራው ሳይላጭ ነው የመጣው!» አለች።

ቅጠሉ ጫፍ ላይ፣ ቀዩ ላይ፣ ጥቁር ጢም ወጥቷል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። አቶ ቶሎ ሙቀቱን ቀንሱ አለ፣ ቀነሱ። ግፊቱን ቀንሱ አለ፣ ቀነሱ፤ እጀታው ጎደሎ ሆኖ ወጣ፣ ጢሙ ግን ከነክብሩ አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። በመጨረሻ እትዬ ሚሊ ማሽኑን አስቆመች፣ ሞልዱን አስከፈተችና መብራት ይዛ አንገቷን ወደ ውስጥ ሰገግ አደረገች።

ቅጠሉ ጫፍ ላይ ያለው ጠርዝ ያበራል። ማብራት አልነበረበትም። ማሽኑ የተወው ሻካራ መልክ ነበር መታየት ያለበት። በጥፍሯ ዳሰሰችው፤ ጥፍሯን ሊይዘው ሲገባ አንሸራተታት። እንዲያ አድርጎ የሚያለሰልስ እጅ ደግሞ በዚያ ዎርክሾፕ አንድ ብቻ ነው።

ዘወር ስትል አባቷ ከሰዉ ኋላ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆመዋል። «ምን ሆነ? እስኪ አሳዩኝ» አሉ። ኦፕሬተሯ እጀታውን ዘረጋችላቸው። እጃቸው መጀመሪያ አየር ጨበጠ። ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ ሄዶ አገኘው። ሌላ ሰው አላስተዋለም፤ እሷ ግን አየች። ወረቀቱን ለምን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩት ያን ጊዜ ገባት። ሻይ ሲቀዱ ለምን ጆሯቸውን ዘንበል እንደሚያደርጉ ገባት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ አንድ ቤት እየኖረች፣ አንድ ማዕድ እየቀረበች፣ ይህንን ሳታይ መቅረቷ አቃጠላት።

«እና? ምንድን ነው?» አለ አቶ ቶሎ። «የማን ነው ጥፋቱ?»

«የኔ ነው» አለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ቀዩ እስኪዞር ድረስ ይህን ያህል ይኮማተራል ብዬ አላሰብኩም። ሂሳቤ ተሳስቷል። ብረቱ ላይ ላላ ብሎ ነው የተቀመጠው።»

በዕድሜዋ አንድ ሚሊ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት፤ እንዲህ ቀጥ ብሎ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። አቶ ቶሎ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እሱ ግን አፉን ከፍቶ አያት። «አንቺ?» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ምንም አይደል። ብቻ ከእንግዲህ ንድፎችሽን ብረት ከመቆረጡ በፊት ሌላ ሰው ደግሞ ይይልን» አለ። ስድብ አይደለም፤ ትክክለኛ አነጋገር ነው። ግን እዚህ፣ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ድንበሩ በብየዳ ተሞልቶ እንደገና እንዲቆረጥ ተስማሙና ተበተኑ። አባቷ እጀታውን አልመለሱም፤ ቱታቸው ኪስ ከተቱት።

ያን ዕለት ማታ ባሏ ሥራ ላይ ስለነበረ እራት የቀረቡት አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው። እሷ ስለ መንገድ መጨናነቅ አወራች፣ ስለ ጎረቤት ቧንቧ አወራች። እሳቸው «እንዴ?» «አይ!» እያሉ ጎረሱ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። ሳህኑ ሲነሣ አባቷ እጀታውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሚሊ» አሉ። ቤት ውስጥ በዚያ ስም ጠርተዋት አያውቁም።

«አቤት አባዬ።»

«ቀዩ ላልቶ ቢሆን ኖሮ ጢሙ የት ነበር የሚበቅለው?»

እጀታውን አንሥታ አገላበጠችው።

«ዙሪያውን ነበር» አሉ ራሳቸው። «እኔ ዳስሼዋለሁ። ያለው ቅጠሉ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ቅጠሉ ጫፍ ደግሞ ከሁሉ አብልጬ የደከምኩበት ቦታ ነው። ጭረቱ አልጠፋ ቢለኝ ደጋግሜ ሄድኩበት። ሲለሰልስልኝ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር መሰለሽ።»

«ንድፉ ላይ በደንብ አላሰመርኩትም ይሆናል።»

«በምን አሰመርሽው?»

«በቀይ።»

«በቀይ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ፣ ለእኔ ወረቀቱ ሁሉ ጉም ነው። ቀይም የለ፣ ጥቁርም የለ። ብረቱን በጣቴ ነው የማየው። ጣቴ ደግሞ ጭረት ያገኛል እንጂ ፊደል አያነብም።»

«ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«ብነግርሽ ሐኪም ጋ ትወስጂኛለሽ። ሐኪሙ ሥራ ተው ይለኛል። ከዚያስ?»

«እኔም እኮ ለዚያ ነው የኔ ጥፋት ነው ያልኩት!» አለች። «ያቺን ወንበር እንዳይወስዱብህ። ምን ላድርግ? ሲያነሡህ ቆሜ ልይ?»

አባቷ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እጇን ፈልገው ያዙት። እጃቸው እንደ ወትሮው የቅባት ሽታ አለው፤ በሳሙናም አይለቅም። የተናገሩት ግን በቁጣ ነበር።

«ወንበሩን አትርፈሽልኝ ሥራዬን ወሰድሽብኝ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«የማይሳሳት የማይሠራ ሰው ብቻ ነው። እኔ እዚያ የምቀመጠው እንደ ሠራተኛ ነው እንጂ እንደ ሚሊ አባት አይደለም። ሠራተኛ ከሆንኩ ጥፋቱም የኔ ነው። ጥፋቴን ልጄ ከተሸከመችልኝ፣ እዚያ የተቀመጥኩት መጦሪያ ቤት መሆኑ ነው። በይ ንገሪኝ፣ ነገ አንድ ብረት ብወለውልና ቢያምር ማን ያመሰግነኛል? ጥሩውስ የኔ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

እትዬ ሚሊ፣ «እሺ። እንግዲያው ነገ ራስህ ተናገር፤ እኔ አልከራከርህም» አለች።

አባቷ ሳቁ። እንዲያ ባለ ቀን መሳቃቸው ገረማት።

«እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ሽማግሌው ልጁን ሊሸፍን ነው ይላሉ። ጭራሽ ያመሰግኑኛል! ምን ያለ አባት ነው እያሉ። አይሆንም። የዋሸሽው አንቺ ነሽ፤ የምታቃኚውም አንቺ ነሽ። በሰው ፊት ነው የተናገርሽው፤ በሰው ፊት አስተካክዪው።»

«አልችልም አባዬ። አባቴ ነው ያበላሸው ብዬ በሰው ፊት? አልችልም።»

«ትችያለሽ» አሉ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። አንቺ ካልነገርሽ ቀጣዩ ሞልድ ይናገርብናል። ያኔ ውርደት ነው። አሁን ስህተት ብቻ ነው።» ተነሥተው ግድግዳውን በጣታቸው እየነኩ ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ግድግዳውን ሲነኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አልደበቁትም።

ጠዋት እንደ ልማዳቸው አብረው ወጡ። የእግረኛው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ተቆፍሯል፤ እዚያ ሲደርሱ ክንዷን ያዙ፣ ሲያልፉ ለቀቁ። ስለ ትናንቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። እሷ በልቧ ዓረፍተ ነገሩን ትነድፋለች፤ አንዱን ታወጣለች፣ አንዱን ትሰርዛለች። «ትንሽ ሳተ» ልበል? «ሳያስተውል ነክቶት» ልበል? ሁሉም ማለስለስ ሆነባት። ዎርክሾፑ በር ላይ ሲደርሱ የቀረላት አጭሩ ብቻ ነበር።

አቶ ቶሎ፣ ኦፕሬተሯና ብረት ቆራጩ ሞልዱ አጠገብ ቆመው ስለ ብየዳው ይነጋገራሉ። እሷም ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሄደችና ከፊታቸው ቆመች። አባቷ ከጎኗ ናቸው።

«ትናንት ዋሽቻችኋለሁ» አለች። «ሂሳቤ ልክ ነው። ቀዩም አልላላም። ጠርዙን ያዶለዶመው አባቴ ነው። ንድፉ ላይ አይወለወልም ተብሎ ተጽፏል፤ አላየውም። ዓይኑ አያይም።»

የማሽኑ ማቀዝቀዣ ውሃ በቱቦው ውስጥ ሲሄድ ይሰማል። እትዬ ሚሊ አባቷን በአደባባይ የሰደበች ያህል ተሰማት። ወደ እሳቸው ለማየት ፈራች፣ ከዚያ አየች። አባቷ ቀጥ ብለው ቆመዋል። የትከሻቸው መጉበጥ የዕድሜ ይመስላት ነበር፤ ለካ ሁሉም የዕድሜ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እውነት ነው?» አለ አቶ ቶሎ።

«እውነት ነው። ማየት አቅቶኝ ነበር፤ ማየት አቅቶኛል ማለትም አቅቶኝ ነበር። የባሰው ሁለተኛው ነው።»

አቶ ቶሎ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቸኮለም። ጭንቅላቱን አከከ፣ ሞልዱን አየ፣ መሬቱን አየ። «እንግዲህ ሐኪም ይይዎት» አለ በመጨረሻ። «ያለ ሐኪም ቃል አዲስ ሥራ አልሰጥዎትም። ይህንን ስል ደስ ብሎኝ አይደለም።»

«ልክ ነህ ልጄ» አሉ ጋሽ መስታወት። «ይህኛው ግን አዲስ አይደለም። ያበላሸሁት የኔ ነው፤ ተበይዶ ሲመጣ ውስጡን መልሶ መወልወል አለ። ያንን ልጨርሰው።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እትዬ ሚሊ ዞረ። «ሞልዱ ያንቺ ነው» አላት። «አንቺ ወስኚ።»

ይህንን አላሰበችውም ነበር። ሁሉንም ነገር አስቀድማ የምታስብ ሴት፣ ይህችን አላሰበቻትም። ነጋዴው ሊመጣ ነው። ጠርዙ አሁን ደግሞ ከዶለዶመ ሌላ ብየዳ አይቀበልም፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። እንቢ ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ አባቷም አይፈርዱባትም። እሺ ብትል ደግሞ ልጁ ስለሆነች ነው እሺ ያለችው ቢሉ ምን ትመልሳለች? ራሷን ጠየቀች፤ ይህ ሰው አባቴ ባይሆን ይህንን ብረት እሰጠው ነበር? እጁን አሰበች። ድንበሩ የት እንደሆነ ካወቀ እንዲህ ያለ እጅ ሌላ የለም። ያጠፋው ድንበሩን ስላላወቀ ነው።

«ይጨርሰው» አለች። «እኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

ብረቱ እስኪበየድና እስኪቆረጥ ባለው ጊዜ ሐኪም ጋ ሄዱ። ሐኪሟ መብራት እያበራች ብዙ አየቻቸው። የቀኙ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፤ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ከአሁኑ አልምልም አለች። የግራውን በተመለከተ፣ «ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። መንገድ ላይ እትዬ ሚሊ አለቀሰች። አባቷ መሐረባቸውን አውጥተው ወደ ድምጿ ዘረጉላት፣ «በይ ተይ፣ ሰው ያየናል» አሏት።

ሞልዱ ተቆርጦ ሲመጣ መስኮቱ ሥር፣ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ታሰረ። እትዬ ሚሊ ወንበር ስባ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። ድንጋዩን ከመያዛቸው በፊት እጃቸውን ያዘችና ሌባ ጣታቸውን ከብረቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አሳረፈችው። ወደ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደችው። ግድግዳው አለቀና ጣቱ ሹሉ ላይ ደረሰ።

«ይኸውልህ» አለች። «እስከዚህ ድረስ ያንተ ነው። ከዚህ እንዳታልፍ።»

በዕድሜዋ አባቷን ከዚህ እንዳታልፍ ብላቸው አታውቅም። እሳቸው ጣታቸውን እዚያው እንዳደረጉ ቆዩ። ፊታቸው ላይ ያ የድሮ ኩራት መጣ፤ አፋቸው «ገባኝ» ሊል ሲዘጋጅ አየችው። የፈራችውም ይህንኑ ነበር፤ እጇ ላይ ያለው እጅ ሲደርቅ ተሰማት። ከዚያ እጁ ላላ።

«አልገባኝም» አሉ አባቷ። «ድገሚልኝ።»

ጣታቸውን ይዛ ከግድግዳው ሥር እንደገና ጀመረች።